የማን ክስ ነው?

ለመሆኑ መንግሥት ዜጋውን ለማስፈታት ሲል የዜጋውን አቤቱታ መሸጥ ይችላል? ሰሞኑን ዶርም ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ያከራከረን ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1979 ቴህራን ያለውን የአሜሪካ ኤምባሲ የያዙት ተማሪዎች ነበሩ። እንደኛው ተማሪዎች፤ ይህን አንሸሽም። 52 አሜሪካውያን 444 ቀን ታሰሩ። በመጨረሻ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ወረቀት ያመላለሱት አልጄሪያውያን ናቸው፤ በጃንዋሪ 1981 ስምምነት ተደረሰ፤ እስረኞቹ ወጡ፤ ታግዶ የነበረው የኢራን ገንዘብም ተንቀሳቀሰ።

«ላገተ መክፈል ሌላ አጋች ማብዛት ነው» ያለ ጓደኛ አለን። ወንድሙ ቢታሰር እንደዚያ ይል ነበር? አይመስለንም፤ አለፍነው።

እኛን የከነከነን ሌላ አንቀጽ ነው። ውላቸው ለፈረሰባቸው ኩባንያዎች ሄግ ከተማ ችሎት ተቋቋመላቸው። ታሳሪዎቹ ግን ኢራንን በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዳይከሱ በዚያው ስምምነት ታገዱ። እንዴ! ለብር ዳኛ ተገኘ፣ ለ444 ቀን ጠፋ?

«ነፍስ ለማዳን ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ እኛም ብንሆን እንፈርም ነበር። ነገር ግን ባገራችን ሽምግልና በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ሲቀርብ፣ ሽማግሌው ተበዳዩን «ይቅር በል» ብሎ ይለምናል እንጂ በሱ አፍ «ይቅር ብያለሁ» አይልም። እነዚያን ሰዎች ማን ለመናቸው? ታስረው እንዴትስ ይጠየቃሉ? ታዲያ መንግሥታቸው ነፃነታቸውን በክሳቸው ከገዛ፣ የክሱ ዕዳ ወደ ራሱ ዞሯል ማለት ነው፤ ያውም በማግሥቱ የሚከፈል ዕዳ። የአሜሪካ ምክር ቤት ካሳ የፈቀደላቸው በ2015 ነው። ያን ጊዜ ከ52ቱ አንዳንዶቹ አፈር ገብተው ነበር።