የመንገድ ሐቅ በእንጦጦ ጫካ

ሱረቱል ካህፍን ያልቀራችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅሩ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይም ሶለዋት አብዙ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ብዙዎቻችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር እንጦጦ ለመውጣት ተቀጣጥራችኋል፤ የሰሞኑ ልማድ ሆኗል፣ ማሻአላህ። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ በባህር ዛፉ መሀል ሽቅብ መጓዝ፣ ወደ 3,200 ሜትር ገደማ ከሚደርሰው ከፍታ ላይ ቆሞ ከተማዋን ቁልቁል ማየት። ሳንባ ይከፈታል፣ ስልክም ይረሳል (ፎቶ የሚነሳበት ቦታ እስኪደረስ)። ዛሬ ስለዚሁ መንገድ አንድ ጥያቄ ላንሳ። በጫካ ውስጥ የሚያልፍ ሰው ማንንም ካልጎዳ፣ የማንንም ካልነካ፣ ውበቱን አይቶ አላህን ካመሰገነ በቃ ነው? ወይስ መንገዱ ከዚያ በላይ የሚጠይቀው ሐቅ አለ?

ጉዞው በራሱ መልካም ነገር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር፤ አንዳንዱ ሰው ሽርሽርን ሁሉ ጊዜ ማባከን አድርጎ ያየዋልና። አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን ካመሰገናቸው ሰዎች መካከል ቆመውም ተቀምጠውም ተጋድመውም እርሱን የሚያስታውሱ፣ የሰማያትንና የምድርን አፈጣጠር የሚያስተነትኑ ይገኙበታል። ጃቢር (ረ.ዐ) ደግሞ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሲጓዙ ሽቅብ ሲወጡ ተክቢራ፣ ቁልቁል ሲወርዱ ተስቢሕ ይሉ እንደነበር ነግረውናል፤ ሐዲሱ ቡኻሪ ውስጥ አለ። ለእንጦጦ ዳገት ከዚህ የተሻለ ዚክር የት ይገኛል? ከፍ ስትል ከአንተ በላይ ያለውን ታስታውሳለህ፤ ዝቅ ስትል ደግሞ እርሱን ከዝቅታና ከጉድለት ሁሉ ታጠራለህ። ምድር ሁሉ መስጂድ ተደርጋልናለችና ዙህር እዚያው ቢደርስባችሁ ሰጋጃ ዘርግታችሁ መስገድ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁርኣን በምድር ላይ ሂዱ ብሎ ሲያዝ ብዙ ጊዜ ትእዛዙን እዚያ ላይ አያቆመውም፤ ከእናንተ በፊት የነበሩት ሰዎች ፍጻሜ እንዴት እንደነበር ተመልከቱ ብሎ ይቀጥላል። መሄድና መመልከት አብረው ናቸው። የሚታየውም አበባና ወፍ ብቻ ሳይሆን ሰው በዚያ ቦታ ላይ የሠራው ሥራ ነው። እንጦጦ ላይ ምን እናያለን?

አፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ ከተማቸውን እዚህ ተራራ ላይ አደረጉ (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቤተ መንግሥቱ ዛሬም አለ፤ ጭቃና እንጨት የሆነ ትሑት ቤት ነው፣ ዛሬ የምንሠራቸውን ቪላዎች ያሳፍራል። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ቤተ መንግሥት ብቻውን አይኖርም። ጦሩ፣ አሽከሩ፣ ነጋዴው፣ እንግዳው ሁሉ ቤት ይሠራል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ብርድ ሲሆን እሳት ይሞቃል። ሁሉም ከተራራው ቆርጦ ነው። ጽዱና ወይራው እየተመነጠረ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ያንኑ የእንጨት ረሃብ ወረሰች፤ በየዓመቱ እንጨት የሚመጣበት ቦታ እየራቀ ሄደ። የሸዋ ነገሥታት ከዚያ በፊትም ማገዶ ሲያልቅ ከተማ ይቀይሩ ነበር። ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር።

ከተማዋ ካልተነሳችበት ምክንያት አንዱ በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው። ባህር ተሻግሮ ስለመጣ ባህር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። እኛ ጥንታዊ ጫካ መስሎን የምንተነፍስበት ሽታው ደስ የሚል ደን እንግዲህ ከ130 ዓመት ብዙም የማይበልጥ እንግዳ ነው፤ ከመጣበት ምክንያት ዋናውም የቀደሙት ሰዎች የነበረውን ጨርሰው ማቃጠላቸው ነው። ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደልቡ እንደማይበቅል ቁልቁል ስታዩ ታስተውሉታላችሁ። የነበረውን የምታዩት ሽማግሌ ጽዶች በቆሙባቸው የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች ዙሪያ ነው፤ ሰዎቹ ቅዱስ ያሉትን አልቆረጡም፣ የቀረውን ግን ቆረጡ። ለእኛም የሚሆን ትዝብት አለበት፤ መስጂድ ስንሠራ ግቢውን ሲሚንቶ ብቻ የምናለብስ ሰዎች ነንና።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ያ የማገዶ ታሪክ ገና አላለቀም። እናንተ ሽቅብ ስትወጡ ቁልቁል የምትመጣ እናት ታገኛላችሁ። 30 ኪሎና ከዚያም በላይ የሚመዝን ጭራሮ ወይም የባህር ዛፍ ቅጠል በገመድ ጀርባዋ ላይ ታስሯል። ወገቧ ጎብጧል፣ የምታየው መሬቱን ብቻ ነው። ጨለማ ሳይገፍ የወጣች ናት። ሸክሙን ከተማ አውርዳ በምታገኘው ነው የዕለቱ ዳቦ የሚገዛው። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግረው ቤት እየበዛ ሲሄድ ቁጥራቸው ቢቀንስም ዛሬም አሉ። መንገዱ ጠባብ ነው። እናንተ አምስት ናችሁ፣ ሙዚቃ ወይም ነሺዳ ከፍታችኋል፣ ጫማችሁ ለዚሁ የተገዛ ነው። እርሷ አንድ ናት። ማን ነው ከመንገድ የሚወጣው?

ብዙ ጊዜ የምትወጣው እርሷ ናት። በዚያ ሸክም ቁልቁለቱ ላይ ወደ ገደሉ ጠጋ ብላ ቆማ ታሳልፋለች፣ ከዚያም አልፎ ይቅርታ የምትጠይቅ አለች። ማንም አልጎዳትም፣ ማንም አልሰደባትም። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ተዛብቷል፤ ጤነኛ ልብ ያለው ሰው ማስረጃ ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ማስረጃውም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ላይ ከመቀመጥ ሲከለክሉ ሶሐቦች የምንነጋገርበት ሌላ ቦታ የለንም አሉ። እንግዲያው የመንገድን ሐቅ ስጡ ተባሉ። ዝርዝሩን ታውቁታላችሁ፤ ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታ መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ የተጨነቀን መርዳትና መንገድ የጠፋበትን መምራት ተጨምሯል። ስለዚህ አለመጉዳት ከሐቆቹ አንዱ እንጂ ሙሉው አይደለም። በሌላ ሐዲስ ሰው በየመገጣጠሚያው ልክ በየቀኑ ሶደቃ እንዳለበት ሲነገር፣ ለሰው ዕቃውን በመጓጓዣው ላይ አንስቶ መጫንና ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማስወገድ እዚያው አብረው ተቆጥረዋል። ባዶ ሃይላንድ ጥላችሁ አትምጡ ማለት እንኳ ያሳፍራል፤ የሌላውንም አንሱ እንጂ።

አንድ ሰው ሊለኝ ይችላል፦ «እነዚህ እናቶች ደኑን እየጨረሱት ነው፤ መከልከል አለባቸው፣ አንተ ግን ታዝንላቸዋለህ።» ቀላል ጥያቄ አይደለም። ደን ካልተጠበቀ ምን እንደሚሆን ታሪኩን አሁን ነው ያነበብነው። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው ፓርክ በኩል የምታዩት ውበትም ያለ ጥበቃ አይቆይም። ኢስላምም ጥበቃን ያውቃል፤ ሒማ ይባላል። ከኢስላም በፊት በዐረቦች ዘንድ ኃይለኛው ሰው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውሻውን ያስጮህ ነበር ይባላል። ጩኸቱ እስከተሰማበት ድረስ ያለው ግጦሽ የእርሱ ብቻ ይሆናል፤ በሌላው ግጦሽ ግን ከሌሎች ጋር ይጋራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሽረው ሒማ ለአላህና ለመልእክተኛው እንጂ ለማንም እንደሌለ ደነገጉ። ማለትም የሚከለለው ለጋራ ጥቅም እንጂ ለትልቅ ሰው መዝናኛ አይሆንም። እርሳቸው አን-ነቂዕን፣ ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ አሽ-ሸረፍንና አር-ረበዛን ከለሉ።

ዑመር ለሒማው ጠባቂ ለሁነይ የሰጡት መመሪያ ቡኻሪ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ሳነበው ሁሌ ያስደንቀኛል። ክንፍህን ለሙስሊሞች ዝቅ አድርግ፣ የተበዳይን ዱዓ ፍራ አሉት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን አስገባ፤ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን ከብቶች ግን አታስገባ። ምክንያቱም የእነርሱ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት የተምር ዛፍና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ግን ከብቱ ቢያልቅበት ልጆቹን ይዞ እኔ በር ላይ ይመጣል፣ ያኔ ልተወው ነው? ከወርቅና ከብር ይልቅ ውሃና ሣር መስጠት ይቀለኛል። ሐሳቡ ይህ ነው። ሁለቱ የተጠቀሱት ሀብታሞች ከዐሸረቱል ሙበሸራ፣ ጀነት ከተበሰሩት፣ መሆናቸውን አስታውሱ። በደለኞች ስለሆኑ አልተከለከሉም፤ ሌላ መውጫ ስላላቸው ብቻ ነው።

ዑመር ሒማውን አላፈረሱም፣ ጠባቂውንም አላነሱም። ለሁሉም ክፍት ይሁን ብለውም ግጦሹን ለጥፋት አልዳረጉም። ጥበቃው የሚከብደው በማን ላይ ነው የሚለውን ግን አስቀድመው ጠየቁ። የእንጦጦን ደን ጠብቁ የምንል ሰዎች፣ እኔም ጭምር፣ ይህን ጥያቄ መዝለል አንችልም። መዝናኛ ፈልገን የምንሄደው እኛ ነን መውጫ ያለን። ጥበቃ ሲደርስባት ሸክሟን ጥላ የምትሮጠዋ እናት የላትም። ለእርሷ ሌላ እንጀራ ሳይታሰብ ደኑ ተጠበቀ ቢባል፣ ውሻው የጮኸው ለማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ስለ ፎቶም ልበል። የዚያች እናት ጎባጣ ጀርባ በየገጹ ይለጠፋል፤ ከሥሩ «ጽናት» ወይም «አልሐምዱሊላህ በሉ» ተብሎ ይጻፋል። የለጠፈው ሰው ክፉ ኒያ የለውም። ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐሜት ምን እንደሆነ ሲያስረዱ ወንድምህን በሚጠላው ነገር ማንሳት ነው ብለዋል። ያቺ ሴት ልጇ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ስልክ ላይ በዚያ ሁኔታ ሲያያት ትወደዋለች? ሳትጠየቅ የእኛ የሹክር መማሪያ ተደርጋለች። ተራራው፣ ጭጋጉ፣ ዛፉ፣ እርሷ፣ ሁሉም የሥዕሉ አካል ሆነው። ዛፉ አይከፋውም።

ሙሳን (ዐ.ሰ) አስቡ። ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ከማንኛችንም በላይ የደከሙ ተጓዥ ነበሩ፤ በመንገዱ ከዛፍ ቅጠል በቀር የሚበሉት እንዳልነበራቸው የተፍሲር ሊቃውንት ይተርካሉ። ውሃው ዘንድ እረኞች ተጋፍተው ያጠጣሉ፣ ሁለት ሴቶች ደግሞ በጎቻቸውን ከልክለው ራቅ ብለው ቆመዋል። ያ ሁሉ ሰው አይቷቸዋል፤ በየቀኑ የሚታይ ነገር ስለሆነ ማንም አልገረመውም። እንግዳው ሙሳ ግን ነገራችሁ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አጭር ጥያቄ ናት፤ ወሬም ምክርም አልጨመሩባትም። ምክንያታቸውን ሰሙ፣ እረኞቹ ሳይጨርሱ ማጠጣት እንደማይችሉ፣ አባታቸውም ሽማግሌ እንደሆኑ። አጠጡላቸው። ከዚያ ወደ ጥላው ዞር ብለው ጌታቸውን ለመኑ፤ ሴቶቹን ምንም አልጠየቁም።

ለነገው ጉዞ ከዚህ የሚወሰድ አደብ አለ። እናቲቱ ስትመጣ ዳር ያዙና ቁሙ፤ ወደ ገደሉ በኩል የምትቆሙት እናንተ ሁኑ። ሙዚቃው ይቀነስ። ሙስሊም ትሁን አትሁን አታውቁምና በምታውቀው ሰላምታ «እንደምን አደሩ እናቴ» በሉ፣ «እርስዎ» ብላችሁ። ሸክሙን ጉብታ ላይ አስደግፋ ስታርፍ ካገኛችኋት ብቻዋን መነሳት ይከብዳታል፤ ያን ጊዜ «ላግዝዎት?» ብሎ መጠየቅ ነው። እህቶች አብረው ካሉ እነርሱ ያንሱላት፣ ይህ ለእርሷም ይቀላታል። እንቢ ካለች እንቢታዋ ነው። ገንዘብ መስጠት የፈለገ ሰው ካለ ሌሎቹ ካለፉ በኋላ፣ ስልክ በኪስ ገብቶ። እናንተ ሽቅብ ተክቢራ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ፤ እርሷ ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ገና ግማሽ መንገድ ይቀራታል።