ሳይጎዱ መቅላት ይቻላልን?

ነቢዩ ኤርምያስ ሊሆን የማይችልን ነገር ለማስረዳት ሲፈልግ ምሳሌ አድርጎ የጠራው የኢትዮጵያዊን መልክና የነብርን ዝንጉርጉርነት ነው፡፡ ነብሩ እስከ ዛሬ እንደተዥጎረጎረ አለ፡፡ የኢትዮጵያዊውን መልክ እለውጣለሁ የሚለው ነገር ግን መርካቶ ውስጥ በትንሽ ቱቦ ታሽጎ ይሸጣል፡፡

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ የእህቴ ልጅ ናት፡፡ ሠርጓ ሦስት ወር ሲቀረው ከእናቷ ጋር ቤቴ መጣች፡፡ እናቷ ቡና ልትቆላ ጓዳ ስትገባ ልጅቷ ከፌስታል ውስጥ ሦስት ቱቦና አንድ ሳሙና አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፡፡ የመድኃኒት ባለሙያ በመሆኔ ዘመድ ሁሉ ያገኘውን ብልቃጥ ለእኔ ማሳየት ልማዱ ነው፡፡

«እትዬ፣ ፊቴ ቶሎ እንደሚቆጣ ታውቂያለሽ፡፡ ሳይጎዳኝ የሚያቀላኝ የትኛው ነው?» አለችኝ፡፡

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፡፡ የቤታችን «ቀይዋ» እናቷ ነበረች፤ «ጠቆር ያለችው» እኔ ነኝ፡፡ ልጅቷ ደግሞ እኔን ወጣች፡፡ ስለዚህ ጥያቄዋ የባለሙያ ምክር መጠየቅ ብቻ ሆኖ አልተሰማኝም፡፡ የእኔን መልክ ከላይዋ እንዴት አድርጋ እንደምታወልቀው እኔኑ የምታማክረኝ መሰለኝ፡፡

ቢሆንም መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ፡፡ ሳሙናው ምን ምን እንደያዘ አይናገርም፡፡ እንዲህ ባለው ውስጥ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል፤ ሜርኩሪ ደግሞ ቆዳ ላይ አይቀርም፣ ኩላሊትና ነርቭ ድረስ ይዘልቃል፡፡ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ተሰብስበው ሜርኩሪ የተጨመረበት የውበት ዕቃ ሁሉ ከ2025 በኋላ እንዲቀር የወሰኑት በከንቱ አይደለም፡፡

አንደኛው ቱቦ ክሎቤታሶል ነበር፡፡ ለብርቱ የቆዳ በሽታ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፡፡ ፊት ላይ ሲቀቡት በርግጥ ያቀላል፡፡ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ሰው በሁለተኛው ሳምንት በጣለው፡፡ እያደር ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወርሰዋል፡፡ ላቁም ሲሉ ፊት እንደ እሳት ይነዳል፤ ስለዚህ እንደገና ይቀቡታል፡፡ ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፡፡ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ከማቅያ ቅባት ውስጥ እንዲወጣ ያደረጉት፡፡ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ አንዳንዱን ሰው ጉንጩ ላይ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ያወጣበታል፤ ያንን ለማስለቀቅ መከራ ነው፡፡

ሦስተኛው ናያሲናማይድ የሚባል ለስለስ ያለ ነገር የያዘ ነበር፡፡ የብጉር ጠባሳ የተወውን ጥቁር ነጥብ ቀስ እያለ ሊያደበዝዝ ይችላል እንጂ ሰውን ቀይ አያደርግም፡፡

ባለሙያነቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ ጭንቀቴ ግን ያን ጊዜ ጀመረ፡፡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የእኛ ድርሻ ይጎዳል፣ አይጎዳም ማለት ብቻ ነው» ይላል፡፡ አልስማማም፡፡ «ሳይጎዳኝ» የሚለው ቃል የሚቆጥረው ቆዳን ብቻ ነውና፡፡ «እንዲሁ ቆንጆ ነሽ፣ ተይው» ማለትም ቀላል ነው፤ በተለይ ቀይ ለሆነ ሰው፡፡ ነገሩን ሁሉ በፈረንጅና በማስታወቂያ ማላከክም ይቀናናል፡፡ ሆኖም ሠርግ ቤት ገብተን ስንወጣ «ሙሽራዋ እንዴት ያለች ቀይ መሰለችህ!» የምንለው እኛ ነን፡፡ «ጥቁር ናት፣ ግን ቆንጆ ናት» የምንለውም እኛው ነን፡፡ ይህችን «ግን» ከውጭ ያስመጣ ነጋዴ የለም፡፡

ታዲያ ብከለክላት ክሎቤታሶሉን ተደብቃ እንደምትቀባ አውቃለሁ፡፡ ብመራት ደግሞ የመልኳን ክስ በፊርማዬ ማጽደቄ ነው፡፡ ብዙ ካመነታሁ በኋላ መጀመሪያ ፊቷን ማትረፍ፣ ክርክሩን ከዚያ ማስከተል መረጥኩ፤ ፊቱ እየነደደ ፍልስፍና የሚሰማ ሰው አላየሁም፡፡ ክሎቤታሶሉን ቀብታው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ገና አልከፈተችውም፡፡ ሳሙናውንና ሁለቱን ቱቦዎች ወሰድኩባት፡፡ ሦስተኛውን በክንዷ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቂት ጥቂት እየቀባች ለቀናት እንድትሞክረው፣ ካሳከካት ወይም ካቃጠላት ፊቷ ላይ ጨርሶ እንዳታደርሰው ነገርኳት፡፡ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ጃንጥላም አዘዝኩ፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ትጠብሳለች፡፡ የቆዳችን ጥቁረት ራሱ ከዚህ የሚከልለን ጥላ ነው፡፡

«ይኼ ሁሉ ሆኖ አያቀላኝማ!» አለች፡፡

«አያቀላሽም፡፡»

ዝም ብላ ቆየችና «አንቺ ሞክረሽ አታውቂም?» አለችኝ፡፡

አልዋሸኋትም፡፡ የ16 ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ወር ሙሉ ፊቴን ሎሚ እየቀባሁ ግቢ ውስጥ እቀመጥ ነበር፡፡ ሎሚና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳ እንደሚያቃጥሉ ማን ነግሮኝ? ግንባሬ ላይ ከፊቱ የባሰ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣሁ፤ የለቀቀኝም ከብዙ ወራት በኋላ ነው፡፡

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፡፡ ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ «እትዬ፣ ጥቁር ነሽ እያለ ያስጨነቀሽ ማን ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ፡፡

ጓዳ ውስጥ እናቷ የቆላችውን ቡና እየወቀጠች ነበር፡፡ የሙቀጫውን ድምፅ እየሰማሁ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን አንዷን ቱቦ አንስቼ እጇ ላይ አኖርኩላት፡፡