የአዳኙ ዕዳ

በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር፣ በሜዳማው የእርሻ ምድር የሚታደነው ግራጫ ቆቅ የአገሩ ተወላጅ አይደለም። በ1908 እ.ኤ.አ. ከሃንጋሪ አስመጥተው በካልጋሪ አካባቢ የለቀቁት አደን ወዳዶች ናቸው። ለመሆኑ ሰው ሊያድነው ላመጣው ፍጡር ምን ዕዳ አለበት?

«ቢገደልም ይተካል» የሚል ይኖራል። እርግጥ፣ እናቲቱ ባንድ ጊዜ ከ15 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ነገር ግን ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድጉት በነፍሳት ነው፤ ነፍሳቱም የሚበዙት በማሳው ዳር፣ ባልታረሰው ሣርና አረም ውስጥ ነው። ዳሩ ከታረሰ፣ አረሙም በመድኃኒት ከጠፋ፣ አንዲት ጥይት ሳትተኮስ መንጋው ይመናመናል።

እንግዲህ ክርክሩ በጠመንጃው ላይ ብቻ ሲያተኩር፣ «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» እንደሚባለው ይሆናል። ገበሬውንም ብቻውን መውቀስ አይገባም፤ ከስንዴው ዳቦ የሚቆርስ ሁሉ ከጥፋቱ ድርሻ አለው። አዳኙ ግን የገደለውን ከመሬት አንሥቶ በእጁ ይዞ ያየዋል። በመጸው ወራት ከታጨደው ማሳ ባንድነት ብድግ ከሚለው መንጋ ሁለቱን ጥሎ የቀረውን ቢተው መልካም ነው፤ ዕዳውን ግን አይከፍልም። ዕዳው የመነጨው ከመግደሉ ብቻ ሳይሆን ከማምጣቱም ነውና፣ የአባቶቹን ደስታ የወረሰ ኃላፊነታቸውንም ወርሷል። መክፈያውም ያ ሳይታረስ የሚተወው የማሳ ዳር ነው።