ስልሳ የማን ስልሳ ነው?

ልጄ፣ ጡረታን «ስልሳ ሲሞላ» ብለህ ከጨረስኸው ገና አላወቅኸውም። መጀመሪያ ነገር ስልሳው የማን ስልሳ ነው? እናትህ በቡሄ ማግስት ወለድሁህ ብትልም መንግሥት የሚይዘው ስትቀጠር በሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ የሞላኸውን ልደት ነው። በኋላ ሌላ ማስረጃ ብታመጣ አይለወጥልህም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ሰው ሀብት ሄደህ ማኅደርህን አስወጥተህ እይ። ጉና ሥር ገጠር ያስተማርህባቸው ዓመታት ደብዳቤ ይኑራቸው፤ የጠፋ ደብዳቤ ከአበልህ ላይ ይቆረጣል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ዐሥር ዓመት ላገለገለ የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 ነው። ያንተ 30 ዓመት 55 በመቶ ያመጣልሃል። አማካይ ነውና አምና የተጨመረልህን ሙሉውን አትቁጠረው፤ የቤት አበሉም አይገባም። ምጽዋት ነው ብለህም አንገትህን አትድፋ፤ በየወሩ ካንተም ከመንግሥትም ሲጠራቀም የኖረ ነው፤ ዛሬ ካንተ 7፣ ከመንግሥት 11 በመቶ ደርሷል።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። ከዚህ ወር ጀምረህ ባለቤትህን አማክርና በ55 በመቶው ኑሩ፤ ትራፊውን ዕቁብ ጣሉበት። የት ላይ እንደሚያንቃችሁ ደመወዙ ሳይቆም ታዩታላችሁ።

አያትህ ፋርታ ላይ ገብስና ድንች ሲያመርቱ ስልሳ ሞላዎት የሚላቸው ቢሮ አልነበረም። መጀመሪያ እርፉን ለታላቅ ወንድሜ ለቀቁ። ዘሩን ግን ራሳቸው ይበትኑ ነበር፤ እሱ ከጉልበት ይልቅ የለመደ እጅ ነው የሚሻ፤ ከሳሳ አረም ይውጠዋል፣ ከበዛ አገዳው ቀጥኖ ይተኛል። ኋላ ቁናውንም ሰጡት። ወንድሜ አንዱን ጥግ አብዝቶ ሌላውን ሲያሳሳ ድንበሩ ላይ ቆመው እያዩ፣ ዱላቸውን ጨብጠው ዝም አሉ። ለእኔ ጡረታ የወጡት ያን ቀን ነው። የመሬቱን ደብተር ግን እስኪሞቱ ከሳጥናቸው አላወጡም፤ ደግ አደረጉ።

አንተም የሒሳብ ማስታወሻህን ለሚተካህ ልጅ አሁን ስጠው። እሱ ሲያስተምር ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥ፤ ቢሳሳት ተማሪ ፊት ጠመኔውን አትቀማው፣ ደጅ ላይ ንገረው።

ደግሞ ተጠንቀቅ፤ መምህሩ ሥራ ፈታ ብለው ዕድሩም ሰበካ ጉባኤውም መዝገብ ሊያሸክሙህ ይመጣሉ። አንዱን ተቀበል። ለሌላው «ዓይኔ ደከመ» በላቸው፤ እኔም እንዲያ ብዬ ነው ያመለጥሁ።