የመሳያ ድንጋይ እውነተኛ ዋጋ

ማጭድና ቢላዋ ባለበት አገር ሁሉ መሳያ ድንጋይ አለ። በገረሴና በዙሪያዋ ባለው የጋሞ ደጋ ገብሱ የሚታጨደው፣ እንሰቱም የሚቈረጠው በስለት ስለ ሆነ፣ የድንጋይን ደግነት ለዚያ አገር ገበሬ ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ቅንጣቱ ደቃቅና እኩል የሆነው ድንጋይ ስለቱን ያወጣዋል፤ ሸካራው ደግሞ ብረቱን ይቦጫጭቀዋል። ገበሬው ይህን የሚለየው በጣቱ ዳስሶ፣ ውሃ ጠብ አድርጎ፣ ብረቱን አንድ ሁለት ጊዜ ስቦበት ነው።

በባሕር ማዶ ግን የቀድሞ አናጢዎችና ፀጉር አስተካካዮች የተገለገሉባቸው አሮጌ መሳያ ድንጋዮች ዛሬ በኢንተርኔት ጨረታ እየቀረቡ ብዙ ገዢ ይሻማባቸዋል። በቤልጅግ አገር ከአርደን ኰረብታዎች የሚወጣው ኮቲኩል የተባለው ድንጋይ ስለት የሚያወጣው በውስጡ በተሰገሰጉት ደቃቅ የጋርኔት ቅንጣቶች ነው። በአሜሪካ የአርካንሳስ ድንጋይ፣ በጃፓንም በኪዮቶ አጠገብ ካሉት ተራሮች ይወጣ የነበረው ድንጋይ የታወቁ ናቸው። ከጃፓኖቹ ማውጫዎች አብዛኞቹ ስለ ተዘጉ አሮጌው ከአዲሱ ይልቅ ተፈላጊ ሆኗል።

ተጫራቹ በፊቱ ያለው ሥዕል ብቻ ነው። ሥዕል ጥንካሬን አያሳይም፤ ማኅተምና የወረቀት ምልክትም በቀላሉ ይመሰላሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው የድንጋዩን ክብደትና ልክ ይጠይቃል፤ የአርካንሳስ ድንጋይ ደረጃው የሚለየው ለመጠኑ ባለው ክብደት ነውና። መካከሉ በአገልግሎት ብዛት መጐድጐዱን፣ አሮጌ ዘይትም ስንጥቁን ሸፍኖት እንደ ሆነ ይመረምራል። በደረቁና በውሃ ርሶ የተነሣ ሥዕል እንዲላክለት ይለምናል። ይህን ሁሉ አድርጎም ሊሳሳት ይችላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ሦስት የነዳጅ መሐንዲሶች በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ስለሚደረገው የዘይት ጨረታ ሲጽፉ፣ የዕቃው ዋጋ በእርግጥ በማይታወቅበት ጨረታ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ግምቱን ከሁሉ አብልጦ ያጋነነው ሰው መሆኑን አመልክተው ነበር። በድንጋይም ጨረታ ነገሩ ከዚህ አይለይም።

አሪስጣጣሊስ ጫማ ሁለት ጥቅም አለው ብሏል፤ አንዱ መጫማት፣ ሁለተኛው በሌላ ነገር መለወጥ። ድንጋዩን በመደርደሪያ ላይ አስቀምጦ የሚደሰትበትን ሰው አንነቅፈውም፤ ነገር ግን የገዛው መሳያ ሳይሆን ጌጥ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ግን የዐዋቂው ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ወርቁን ናስ መስሎት የሚሸጥ ሰው ቢገጥመው ደግ ገዢ እውነቱን ይንገረው ወይስ ዝም ብሎ በናስ ዋጋ ይግዛው የሚለውን የፈላስፎች ክርክር አንሥቷል። የአናጢው መበለት የባሏን ሣጥን ከፍታ፣ አሮጌ ድንጋይ የሚል ቃል ብቻ ጽፋ ለጨረታ ብታቀርበው፣ ድንጋዩን ያወቀው ሰው ምን ያድርግ? ዕውቀቱን ያገኘሁት በብዙ ዓመት ድካምና በብዙ ኪሣራ ነው፤ ለምን በነጻ ልስጥ? ቢል ክርክሩ የሚናቅ አይደለም።

እኛ እንደሚመስለን የጨረታ ደግነቱ፣ ሁለት ዐዋቂዎች በተገናኙበት ጊዜ ዋጋው ራሱ ለመበለቲቱ መናገሩ ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ከፍ ከፍ ከሚለው ገንዘብ በእጇ ያለው ተራ ነገር አለመሆኑን ትረዳለች። ስለዚህ ተጫራቹ ዝም ቢል ብዙ አንወቅሰውም። የምንወቅሰው ጨረታው ሳያልቅ በጎን ጽፎ፣ «ይህ ርባና የለውም፤ በዚህ ገንዘብ ልገላግልሽ» የሚለውን ነው። ይህ ሰው ከሐሰቱም በላይ ሁለተኛውን ተጫራች፣ ማለት ለእርሷ ሊናገርላት የሚችለውን ብቸኛ ድምፅ፣ አስቀርቶባታል።

ወደ ጋሞ ስንመለስ ይህ ሁለተኛ ድምፅ ጨርሶ ያልተገኘላቸውን ሰዎች እናገኛለን። በዚያ አገር ድንጋይ ብረት የሚሳልበት ብቻ አልነበረም፤ ቆዳ ፋቂዎች ባልጩቱን ፈልጠው፣ በእንጨት እጀታ አግብተው፣ ድንጋዩን ራሱን ስለት ያደርጉታል። ሲዶለዱም ጫፉን እንደ ገና ይሸርፉታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ካትሪን ዊድማን አርተር ስለ ቦረዳ ጋሞ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የድንጋይ መሣሪያ እንደ ሕያው ፍጡር እንደሚወለድ፣ እንደሚያድግና እንደሚሞት መቈጠሩን ገልጻለች። ስለ ድንጋይ የዚህን ያህል ያሰበ ሰው በጨረታ ሸማቾች መካከልም አይበዛም። ሆኖም ባለሙያዎቹ ደጋላ እየተባሉ፣ ከአራሹ ጋር እንዳይጋቡ በልማድ ተከልክለው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ይታወቃል፤ ልማዱ ግን ከዐዋጁ በኋላም አልጠፋም።

የፋቂው ገዢ ቆዳውን የሚያስፍቀው ጎረቤቱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሥራውን እየፈለገ ሠራተኛውን የናቀ ነው። አሁን ደግሞ የፋብሪካ ምንጣፍና ብርድ ልብስ ቆዳውን ከቤት እያስወጡት ስለ ሆነ፣ ያም አንድ ገዢ እየሄደ ነው። ባልጩትን ከባልጩት በጣታቸው የሚለዩ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፣ ለዕውቀታቸው ሁለተኛው ተጫራች ሆኖ የሚቀርብላቸው ማን እንደ ሆነ እንጠይቃለን፦ የአገሩ ትምህርት ቤት ነውን? ሙዚየሙ ነውን? ወይስ ትናንት በማዕድ ያላቀረባቸው የጎረቤታቸው ልጅ?