እሳት ያነደደ ሰው ዕዳ

የባልንጀራውን ቤት ወይም እህል ሆን ብሎ ያቃጠለ ሰው፥ ቅጣቱን በመቀበሉ ብቻ ከዕዳው ነጻ ይሆናልን? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ገደማ የተደነገገው፥ ዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች የተባለው የሮማውያን ሕግ፥ አውቆ ያቃጠለው ታስሮና ተገርፎ በእሳት እንዲሞት፥ በቸልታ ያቃጠለው ግን ጉዳቱን እንዲክስ ያዝዝ ነበር። ኦሪት ዘጸአትም በ22ኛው ምዕራፍ፥ እሳት ከሾኽ ተነሥቶ ክምር ወይም አዝመራ ቢበላ ያነደደው እንዲክስ ያዝዛል። የሞት ፍርድ በዳዩን ያጠፋል፤ የተበደለው ግን በባዶ አውድማው ላይ ይቀራል፤ ካሳ ግን ወደ ተበደለው ይመለከታል።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ወኅኒ ለመንግሥት ሕግ ይበቃ ይሆናል፤ ለንስሐ ግን አይበቃም። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል እንደ ገባ፥ ያቃጠለም የሚቻለውን ይመልስ። በእሳት የጠፋ ሕይወት ግን በካሳ አይመለስምና፥ ቍጣን ገና ፍም ሳለ እናጥፋው።