ጠባሳው ትንሽ ነው

የማህፀን ቱቦ ውስጥ የቀረው ጽንስ የበደለው የለም። ወደ ማህፀን ለመድረስ የቀናት ጉዞ ይጠብቀው ነበር፤ በኢንፌክሽን የተጎዳ ቱቦ መንገድ ላይ ያስቀረዋል፣ አንዳንዴም ያለ አንዳች የሚታይ ምክንያት ይቀራል። ባረፈበት ተጣብቆ ያድጋል። ቱቦው ግን እንደ ማህፀን አይለጠጥም። ሲፈነዳ ደም ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈሳል፤ አንዳንዷን ሴት ደግሞ፣ ይገርማል፣ የሚያማት ትከሻዋን ነው። ደሙ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ሲቆጠቁጠው ነርቩ ሕመሙን ወደ ላይ ይወስደዋል።

ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሮበርት ላውሰን ቴት በርሚንግሃም ውስጥ እንዲህ ያለችን ሴት ሆዷን ከፍቶ እንዲያክም ተጠይቆ እምቢ አለ፤ ሴትየዋ ሞተች። አስከሬኑ ሲመረመር የሚደማውን ሥር ማሰር ይቻል እንደነበር አየ። እ.ኤ.አ. በ1883 ቀዶ ማዳን ቻለ። ዘጠና ዓመት ገደማ ቆይቶ በፈረንሳይ ክሌርሞን ፌራን፣ ሞሪስ ብሩሃና ባልደረቦቹ ሆዱን ሳይከፍቱ በጠባብ ቀዳዳ መሥራት ጀመሩ።

ላፓራስኮፒ በሚባለው በዚህ ዘዴ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ በእምብርት በኩል ይገባል። ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ከዚህ አየር የቀረው ደግሞ ያንኑ ጡንቻ እየነካካ ትከሻዋን እንደገና ያሳምማታል። ደሙ ያሳመመውን ቦታ ሕክምናውም ያሳምመዋል።

ከባዱ ጥያቄ ቱቦው ይቆረጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ነው። ማቆየት ርኅራኄ፣ መቁረጥ ጭካኔ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሌላኛው ቱቧቸው ጤነኛ የሆነ ሴቶችን ተከታትሎ፣ ቱቦው ከቆየላቸው 60.7፣ ከተቆረጠባቸው 56.2 በመቶው በተፈጥሮ መንገድ እንደገና እንደሚያረግዙ አሰላ፤ ልዩነቱ አንዱን ከሌላው ለማስመረጥ የሚበቃ አልነበረም። ቱቦው ሲቆይ የጽንስ ቅሪት ሊተርፍ ስለሚችል፣ የእርግዝናው ሆርሞን እስኪጠፋ ደሟ በየጊዜው ይመረመራል። እርግዝናው ካበቃ በኋላም እንኳ ደሟ ነፍሰ ጡር ነኝ ይላል። እኔ ርኅራኄው የቱ ጋ እንደሆነ ከሩቅ ለመፍረድ አልደፍርም። ደግሞም ላፓራስኮፒ በሌለበት፣ ደም እየፈሰሳት ለደረሰች ሴት፣ ሰፊው ቁስል ያው ሕይወቷ ነው።

በትንሹ ቀዳዳ የታከመችው ግን በማግስቱ ቤቷ ልትገባ ትችላለች። ለወለደች ሴት ገንፎ ይገነፋል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ይህችም ከሞት ተርፋለች፤ ልጅም አጥታለች፤ ጠያቂዋ ግን ለየትኛው እንደመጣ ግራ ይገባዋል። ጠባሳው ትንሽ ስለሆነ የደረሰባትም ትንሽ ይመስለዋል፤ ቡናው ሳይወርድ «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ብሎ ወሬ ይቀይራል።